ሩገር 10/22፦ ጥሩ የመማሪያ ጠመንጃ፣ ደካማ ማነጣጠሪያ

አሜሪካ ውስጥ ተኩስ መማር የሚፈልግ ሰው ጠመንጃ ሻጭ ዘንድ ሄዶ ምክር ሲጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከመደርደሪያው የሚወርድለት ሩገር 10/22 ነው። ይህ ጠመንጃ ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሚሊዮኖች ተሽጧል። እዚህ የምገመግመው መሠረታዊውን፣ ማለትም የእንጨት ሰደፍና 47 ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም አፈሙዝ ያለውን ዓይነት ነው። አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር፦ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጠመንጃ አላውቅም፤ አብሮት የሚመጣው ማነጣጠሪያ ግን የሚያስተምር አይደለምና፣ ገዢው ከጠመንጃው ቀጥሎ የሚያወጣው ገንዘብ በጠመንጃው ላይ በሚገጠም አጉሊ መነጽር ሳይሆን በባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ (ዐይን በትንሽ ክብ ቀዳዳ በኩል በሚያይበት) ላይ ቢውል ይሻለዋል።

ክብደቱ 2.3 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሆነ ክንዱ ያልጠነከረ ተማሪም ሳይዝል ይይዘዋል። የሚተኩሰው 22 ሎንግ ራይፍል የተባለውን ትንሽ ጥይት ነው፤ ጥይቱ ርካሽ ከመሆኑም በላይ ሲተኮስ ጠመንጃው ትከሻን አይራገጥም። ይህ ለጀማሪ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም የጀማሪ ዋና ጠላት ድንጋጤ ነው። ተኩሱ ከመውጣቱ በፊት ትከሻው የሚሸማቀቅ፣ ዐይኑን የሚጨፍንና ምላጩን የሚነጥቅ ሰው ምንም ዓይነት ማነጣጠሪያ ቢሰጠው አይመታም፤ ይህን ልማድ በትልቅ ጠመንጃ ከያዘው ደግሞ ማስለቀቁ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ያም ሆኖ የጆሮና የዐይን መከላከያ በዚህም ጠመንጃ ግዴታ ነው፤ «ይቺ ትንሽ ናት» እያሉ ጆሯቸውን ሳይሸፍኑ የሚተኩሱትን መከተል አይገባም።

ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል፤ ጥይቶቹ በውስጡ ክብ ሠርተው ስለሚቀመጡም ከሰደፉ በታች ወጥቶ አይታይም። ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ የመጨረሻዋ ጥይት ስትተኮስ ማቀባበያው ተከፍቶ አይቀርም። ተኳሹ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ምላጩን ስቦ ቀጭ የሚል ድምፅ ሲሰማ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ጠመንጃውን ባስቀመጠ ቁጥር ካዝናውን ማውጣት፣ ማቀባበያውን መሳብና የጥይቱን መቀመጫ በዐይኑ ማረጋገጥ አለበት። እኔ ግን ይህን ጉድለት ለማስተማሪያ ተጠቅሜበታለሁ። የእህቴን ልጅ ሳለማምድ ጥይቶቹን አልቆጠረም ነበርና ካዝናው ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ምላጩን ሳበ፤ ጥይት በሌለበት ጠመንጃ የአፈሙዙ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ጠለቀ። እኔም አየሁ፣ እሱም አየ። ጥይቶቹ ለምን ከዒላማው በታች እንደሚያርፉ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ይህ ጠመንጃ ያለ ጥይት ምላጩ ቢሳብም ስለማይጎዳ፣ ባዶነቱ በሚገባ ከተረጋገጠ በኋላ ቤት ውስጥ መለማመድ ይቻላል፤ ከዚህ የሚረክስ ልምምድ የለም።

ወደ ማነጣጠሪያው እንምጣ። ከፋብሪካው የሚመጣው ከፊት ወርቅማ ነጥብ፣ ከኋላ ደግሞ በአፈሙዙ ላይ የሚታጠፍ ባለ ስንጥቅ ሳህን ነው። ዐይን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንድ ርቀት ብቻ ሲሆን፣ ተማሪው ግን ስንጥቁን፣ ነጥቧንና ዒላማውን ሦስቱንም አጥርቶ ለማየት ይታገላል፤ በተለይ አርባ ዓመት ካለፈው ስንጥቁ ብዥ ይልበታል። ሁለተኛው ችግር የማስተካከያው ነው። ከፍታውን ለመለወጥ ጥቃቅን ብሎኖችን ማላላት፣ ወደ ግራና ቀኝ ለማዛወር ደግሞ ሳህኑን በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ የሚለካበት ነገር ስለሌለ ሥራው ሁሉ በግምት ነው። ሦስተኛው፣ ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች እርስ በርስ ይቀራረባሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 40 ሴንቲሜትር ቢሆን የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ 25 ሜትር ላይ ከ6 ሴንቲሜትር በላይ ስህተት ያመጣል፤ ርቀቱ 60 ቢሆን ስህተቱ ወደ 4 ይወርዳል።

ባለ ቀዳዳው ማነጣጠሪያ ሦስቱንም ችግሮች ያቃልላል። ለዚህ ጠመንጃ ተብሎ የሚሠራው ቴክ ሳይትስ የሚባለው ሲሆን፣ የኋላው ክፍል ወደ ዐይን ቀርቦ ስለሚታሰር በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ ማስተካከያውም በእርከን የሚዞር ነው። ዐይን በቀዳዳ ውስጥ ሲያይ ሳይታዘዝ ራሱን መሐል ላይ ያደርጋል። ለተማሪው የሚቀረው ትእዛዝ አንድ ነው፦ ከፊት በነጥቧ ምትክ የምትቆመውን ዘንግ ብቻ አጥርተህ እይ፣ ዒላማው ቢደበዝዝም ግድ የለህም። ሲስተካከል የኋላው ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ፣ የፊቱ ደግሞ በተቃራኒው እንደሚንቀሳቀስ ማስታወስ ይበቃል። ይህ አሠራር ለእኛ አገር ሰውም እንግዳ አይደለም፤ የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የተዋጋበት ኤም 1 ጋራንድ ባለ ቀዳዳ ነበር። ማነጣጠሪያው ባለ ስንጥቅ በሆነው ክላሽ የለመደ ሰው ግን መጀመሪያ ላይ ቀዳዳውን ራሱን ለማየት ይሞክራል፤ ቀዳዳው የሚታይ ሳይሆን የሚታይበት መሆኑን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

መነጽርን በተመለከተ፣ ጠመንጃው የመነጽር ማሠሪያ ሐዲድ ይዞ ስለሚመጣ መግጠሙ ቀላል ነው፤ ዐይኑ ለደከመ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ይጠቅመዋል። ሆኖም መነጽር የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል፤ ጀማሪውም በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው መስቀል ዒላማው መሐል ላይ ሲደርስ ጠብቆ ምላጩን መንጠቅ ይጀምራል። መግዛት የግድ ከሆነ ለ22 ጥይት ተብሎ የተሠራውን መምረጥ ይገባል፤ ለትላልቅ ጠመንጃዎች የሚሠሩት በአብዛኛው ለ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ስለሚቃኙ፣ በአጭር ርቀት ዐይን ትንሽ ሲዛነፍ መስቀሉም ከቦታው የተንቀሳቀሰ ይመስላል። ቀይ ነጥብ የሚያበራው ዓይነት ቶሎ ያስደስታል፤ አስቲግማቲዝም (የዐይን ቅርጽ መዛባት የሚያመጣው የእይታ ችግር) ላለበት ዐይን ግን ነጥቡ ተበትኖ ይታያል፣ ስለ ማነጣጠርም የሚያስተምረው ጥቂት ነው።

ምላጩ ከፋብሪካው ሲመጣ ከባድ ነው፤ ኩባንያው ቀለል ያለ ምትክ ለብቻው ይሸጣል። እሱን መግዛት ግን ቆይቶ ይደርሳል።

ለግዢው፦ ጠመንጃው እንደ ሱቁና እንደ ዓይነቱ ከ300 እስከ 400 ዶላር አካባቢ፣ ባለ ቀዳዳው ማነጣጠሪያ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ካለው ሻጭ ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት፣ ፎርም 4473 የተባለውን የጠመንጃ ገዢ ቅጽ መሙላትና የጀርባ ታሪክ ምርመራን ማለፍ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያለ ግን ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር የተከለከለ ነው። ግዛቶች ከዚህ የጠበቀ ሕግ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚኖሩበትን ግዛት ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል።