የውሻን ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ለመለካት የትኛውን ምርመራ እንምረጥ?

ያረጀ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ውሻ የሚያሳድግ ሰው ለአንቲኦክሲዳንት ማሟያ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ውሻው በእርግጥ ያስፈልገው እንደሆነ በልኬት ለማወቅ ቢፈልግ ተገቢ ነው። ለዚህ የሚቀርቡት ምርመራዎች ግን ተመሳሳይ ነገር አይለኩም። ጀርመናዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሄልሙት ሲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ጽንሰ ሐሳቡን ሲያስተዋውቅ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ማለት ሴሎችን በሚያጠቁ ኦክሲዳንቶችና በሚከላከሉ አንቲኦክሲዳንቶች መካከል ያለ ሚዛን መዛባት መሆኑን አመልክቶ ነበር፤ ከሚሸጡት ምርመራዎች አብዛኞቹ የሚያሳዩት ግን ከሚዛኑ አንዱን ወገን ብቻ ነው።

በቤት ውስጥ የሚሠራው የሽንት ምርመራ ርካሽ ነው፤ መርፌም አይጠይቅም። የሚያገኘው ማሎንዲያልዴሃይድን ማለትም ስብ በኦክሲዴሽን ሲበላሽ የሚቀረውን ውህድ ሲሆን ውጤቱ የሚነበበው በቀለም ለውጥ ነው። ይሁንና ብዙ ውኃ የጠጣ ውሻ ሽንት ስለሚቀጥን ቀለሙ ይደበዝዛል፤ በምግብ ውስጥ የነበረ የተበላሸ ስብም ያንኑ ውህድ ወደ ሽንት ያስገባል። ስለዚህ ለውሳኔ መሠረት እንዲሆን አልመክርም። በላቦራቶሪ የሚሠራው ተመሳሳይ ምርመራ የሚለካው በ532 ናኖሜትር የሚነበብ ሮዝ ቀለም ነው፤ ነገር ግን ቀለሙን የሚፈጥረው ቲዮባርቢቱሪክ አሲድ ከሌሎች ውህዶችም ጋር ስለሚዋሐድ፣ ላቦራቶሪው ማሎንዲያልዴሃይድን ለይቶ የሚለካ ካልሆነ ብልጫው ትንሽ ነው።

የጉዳቱን ወገን ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምርጫ የሽንት አይሶፕሮስቴን ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወቁት እነዚህ ውህዶች ፍሪ ራዲካሎች (ያልተረጋጉና ከሌላው ጋር በቀላሉ የሚዋሐዱ ሞለኪውሎች) በሴል ሽፋን ውስጥ የሚገኘውን አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ የስብ አሲድ ሲያጠቁ የሚፈጠሩ በመሆናቸው ከጉዳቱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ቀጥተኛ ነው። ከደም ይልቅ ሽንትን የምመርጠው፣ በአግባቡ ባልቀዘቀዘ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ያለው ስብ ናሙናው ከተወሰደ በኋላም ኦክሲዳይዝ እየሆነ አዲስ አይሶፕሮስቴን ስለሚፈጥር ነው። ልኬቱ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው በማስ ስፔክትሮሜትሪ ቢሠራ ይመረጣል፤ ውጤቱም የሽንቱን መቅጠን ለማካካስ ለክሪያቲኒን (ከጡንቻ የሚመጣና በሽንት የሚወጣ ውህድ) ተስተካክሎ መቅረብ አለበት። ጡንቻው የመነመነ አሮጌ ውሻ የሚያወጣው ክሪያቲኒን አነስተኛ ስለሆነ ግን የተስተካከለው ቁጥር ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ዲ-ሮምስ የተባለው የደም ምርመራ በትንሽ መሣሪያ በክሊኒክ ውስጥ ፈጥኖ ስለሚሠራ ይማርካል። ሆኖም በብግነት ጊዜ የሚጨምረው ሴሩሎፕላስሚን የተባለ ፕሮቲን ልኬቱን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ጥርሱ ወይም ጆሮው ያመረቀዘ ውሻ ያስመዘገበው ከፍተኛ ቁጥር ምን እንደሚያመለክት ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

ከመከላከያው ወገን በብዛት የሚሸጠው «ጠቅላላ የአንቲኦክሲዳንት አቅም» ነው፤ ገዢዎችን በጣም የሚያሳስተውም ይኸው ይመስለኛል። በሰው ደም ውስጥ የዚህ አቅም ትልቅ ድርሻ የዩሪክ አሲድ ነው፤ የአብዛኞቹ ውሾች ጉበት ግን ዩሪክ አሲድን አላንቶይን ወደተባለ ሌላ ውህድ ስለሚቀይር በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ነው። ዳልሜሺያን በውርስ ባገኘው የጂን ለውጥ ምክንያት ከሌሎቹ የበለጠ ዩሪክ አሲድ ስላለው፣ ምንም ማሟያ ሳይወስድ የተሻለ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። በሰው ደም የተዘጋጀ ማነጻጸሪያ ለውሻ እንደማያገለግል ከዚህ መረዳት ይቻላል። የተለየ ጥያቄ ያለው ሰው የተለየ ምርመራ ቢገዛ ይሻለዋል፦ የሴሌኒየም እጥረት ከተጠረጠረ በሙሉ ደም ውስጥ ሴሌኒየም የሚያስፈልገው የግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይም ልኬት፣ የቫይታሚን ኢ እጥረት ከተጠረጠረ ደግሞ የራሱ የቫይታሚኑ የሴረም (ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ) ልኬት። ግሉታታዮን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት ራሱን የሚለካ ምርመራ የሚገዛው ክሊኒኩ ናሙናውን ወዲያው ማከም የሚችል ከሆነ ብቻ ነው፤ ያለዚያ ግሉታታዮኑ በደቂቃዎች ውስጥ ኦክሲዳይዝ ይሆናል።

ላቦራቶሪውን ስለ ውሻ ማነጻጸሪያ ብቻ ሳይሆን ስለ ልኬቱ መዋዠቅም መጠየቅ ያስፈልጋል። የምርመራው የራሱ መዋዠቅ 10 በመቶ ከሆነ፣ ማሟያው ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ በተወሰዱ ሁለት ልኬቶች መካከል የታየ ከ28 በመቶ ገደማ ያነሰ ልዩነት ማሟያው ለመሥራቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ናሙናዎች በአንድ ላቦራቶሪ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ውሻው ምግብ ሳይበላና ከከባድ ሩጫ ርቆ ሳለ መወሰድ አለባቸው።

ውሻው ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት በልቶ ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱንም አይግዙ፤ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው በኦክሲዴሽን የተጎዱ ቀይ የደም ሴሎች ላይ የሚታዩትን ሄይንዝ ቦዲ የተባሉ ነጠብጣቦች በማይክሮስኮፕ የሚፈልግ የደም ምርመራ ነው። ነጠብጣቦቹ የሚታዩት ከቀናት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ቢሆንም እንዲደገምለት ይጠይቁ።