«ሙሉ የስታር ትሬክ መመሪያ» እየተባለ የሚሸጠውን መጽሐፍ ሳታዩ ብር እንዳትልኩ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ የስታር ትሬክ (የአሜሪካው የጠፈር ተከታታይ ፊልም) ወዳጆች፣ እኔ 3,800 ብር ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ ይሄን ተከታታይ ሳያይ አይተኛም። እንግሊዝኛውንም ያቃናለት እሱ ነው። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቱን ሲጨርስ ስጦታ ልሰጠው ፈለግኩ። ቴሌግራም ላይ «ከ1966 እስከ ዛሬ ሙሉው፣ ኦሪጅናል፣ ባለቀለም» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ አንድ ፍሬ ነው የቀረው፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሙሉውን በቴሌብር ላኩ።

መጽሐፉ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጣ። በዚያ ብርድ መናኸሪያ ቆሜ ከረዳቱ ተቀበልኩ። ሽፋኑ ያብረቀርቃል። ውስጡ ግን ጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ነው። አንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ ኮፒ ያደረገው ሰው አውራ ጣት ሳይቀር ይታያል።

ይሄን እንኳ እችለው ነበር። ወንድሜ መጀመሪያ የፈለገው ከስታር ትሬክ ተከታታዮች አንዱ የሆነው የ«ቮየጀር» ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችውን ካፒቴን ጄንዌይን ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የተደረደረ ስለሆነ ጄ ላይ ገለጠ። የለችም። መርከቧ ቮየጀርም የለችም። በመርከቧ ስም የተጠራው ተከታታይ እኮ እ.ኤ.አ. በ1995 ጀምሮ 7 ሲዝን፣ 172 ክፍል የሄደ ነው! የ2001ዱ ኢንተርፕራይዝ፣ የ2017ቱ ዲስከቨሪ፣ አንዳቸውም የሉም። ትረካው የሚቆመው ኔክስት ጄኔሬሽን የሚባለው ተከታታይ ባለቀበት በ1994 ነው። የ30 ዓመት መጽሐፍ አዲስ ሽፋን አልብሰው ሸጡልኝ። አሮጌ መጽሐፍ አሮጌ ነው ተብሎ ቢሸጥ ነውር የለውም፤ ደስ ብሎኝም እገዛዋለሁ። «እስከ ዛሬ» ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

አሮጌው እንኳ ሙሉ አይደለም። የመጀመሪያው ተከታታይ በ3 ሲዝን 79 ክፍል አለው። ከኋላ ያለውን ዝርዝር ወንድሜ በእርሳስ እየነካ ቆጠረ፤ 55 ላይ አለቀ። የሦስተኛው ሲዝን 24 ክፍሎች ያሉበት ገጽ ጭራሽ ኮፒ አልተደረገም።

ደወልኩ። «አጣርቼ እደውላለሁ» አለ። በማግስቱ ብሎክ አደረገኝ።

መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ በፎቶ አትመኑ። ሻጩ መጽሐፉን እየገለጠ ቪዲዮ ይላክላችሁ፤ ጄ ላይ ጄንዌይን፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ የታተመበትን ዓመት ያሳያችሁ። እምቢ ካለ ተዉት። ክፍያውም መጽሐፉ እጃችሁ ከገባ በኋላ ይሁን። ቀብድ ካለ ደግሞ ቢጠፋ የማያንገበግባችሁን ያህል ብቻ።

ለእኔ የተላከልኝ ፎቶ መጽሐፉ ቀይ አልጋ ልብስ ላይ ተቀምጦ፣ ከጎኑ የቡና ሲኒ ያለበት ነው። ያንኑ ፎቶ የላከላችሁ ካለ ሰውየው እሱ ነው።