መብራት ሲሄድ ሥራው የማይሄድበት ላፕቶፕ

ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 የሚባል ላፕቶፕ ገዝቼ ደብረ ማርቆስ ላይ በጽሕፈትና ኮፒ ሥራ ካዋልኩት ወራት አልፈዋል። ስገዛው ልቤን የሳበው ኪቦርዱ ነበር። ዛሬ እንድጽፍለት ያስገደደኝ ግን ከሆዱ በታች የሚሰካው ባትሪ ነው። ላፕቶፑ ሳይጠፋ፣ የተከፈተው ፋይል ሳይዘጋ፣ ባዶውን ባትሪ ነቅዬ ሙሉውን እሰካለሁ። ይህን የሸጠልኝ ሰው አልነገረኝም። ሌላ ሻጭም ለደንበኛው ሲነግር ሰምቼ አላውቅም። ስለ ራም ይነግሩሃል፣ ስለ ኮር አይፋይቭ ይነግሩሃል፣ ክዳኑ ምንም ጭረት እንደሌለው በመብራት ያሳዩሃል። ጎጃም ውስጥ በኮምፒዩተር እንጀራውን ለሚበላ ሰው ከሁሉም የሚበልጠውን ነገር ግን ገልብጠው እንኳ አያሳዩትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጥ የተቀበረ 24 ዋት-ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ነው። ሌላው ከውጭ የሚሰካ ሲሆን በሦስት መጠን ይመጣል፤ 24፣ 48 እና 72 ዋት-ሰዓት። ትልቁ ባለ ስድስት ሴል ነው፤ ወደ ታች ወጣ ብሎ ላፕቶፑን ከኋላ ከፍ ያደርገዋል። ማሽኑ በባትሪ ሲሠራ የውጩን አስቀድሞ ይጨርሳል፣ የውስጡን ለመጨረሻ ያቆያል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ የውስጡን ያስቀድማል። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የውጩ ባዶ ሆኖ ሲነቀል የውስጡ ሙሉ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሁለቱን መቆለፊያዎች ገፋ አድርገህ ሌላውን እስክትሰካ ማሽኑን ይዞ ያቆያል። ስክሪኑን ስታጥፈው እንዳይተኛ ብቻ ሴቲንጉን አስቀድመህ አስተካክል።

ሒሳቡን ላስላው። 72 እና 24 ሲደመር 96 ዋት-ሰዓት ነው። ጽሑፍ ብቻ እየተጻፈ ማሽኑ 10 ዋት ቢበላ፣ ባትሪዎቹ አዲስ ከሆኑ 9 ሰዓት ተኩል ይሠራል። ሌላ ባለ 72 በመሳቢያ ካለ 7 ሰዓት ይጨመራል። ያገለገለ ባትሪ ከዚህ ያነሰ ይይዛል፤ የእኔም ያነሰ ነው። ግን ግማሹ እንኳ ቢሆን የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ይህ ለሌላ ከተማ ሰው ተራ ቁጥር ሊመስል ይችላል። እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ፣ ከጮቄ በኩል ደመናው ጠቁሮ አንድ ጊዜ ሲያጉረመርም መብራት ይሄዳል። አንዳንዴ ቡና ሳይፈላ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ማታ ነው። ጽሕፈት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ዴስክቶፕ ከዩፒኤስ ጋር ያስቀምጣሉ። ዩፒኤስ ጥሩ ዕቃ ነው፤ የተሠራው ግን ፋይልህን አስቀምጠህ ማሽኑን በሥርዓት እንድታጠፋ ነው፤ ደቂቃዎች ይሰጥሃል። ዩፒኤሱ ያረጀበት ቤት ደግሞ መብራቱ እልም ሲል ኮምፒዩተሩም አብሮ እልም ይላል። ዎርድ ካልነኩት በየ10 ደቂቃው ነው መጠባበቂያ የሚይዘው። ተመራቂ ተማሪ አጠገብህ ቆሞ የመመረቂያ ጽሑፉን ሠንጠረዥ እያስተካከልክለት ከሆነ የ10 ደቂቃ ሥራ መጥፋት ትንሽ ነገር አይደለም። ልጁ ከአፍህ ቃል ይጠብቃል፤ አንተ ደግሞ ጥቁር ስክሪን እያየህ የምትለው ታጣለህ።

በዚህ ክረምት አንድ ሽማግሌ ከጎዛምን ገጠር መጡ። ነገሩ የውርስ መሬት ነው፤ ማመልከቻ ለወረዳው መጻፍ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሲጻፍ ቃሉ ከአፋቸው መምጣት አለበት፤ አዋሳኙን በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዙ እያሉ ይነግሩሃል፣ አንተ ትጽፋለህ። መካከል ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። ቤቱ ጨለመ፣ ኮፒ ማሽኑ ዝም አለ። ሽማግሌው በትራቸውን አነሡ።

«እንግዲህ መብራቱ ሄደ፤ ነገ ተመልሼ ልምጣ ልጄ?»

«የለም አባቴ፣ ይቀመጡ። ይቀጥሉልኝ፤ በደቡብ በኩል የማን ነው ያሉኝ?»

የሚመለሱት በእግር ነው። ያ የውጩ ባትሪ ባይኖር ኖሮ አንድ የእርሻ ቀን ይባክንባቸው ነበር። ጽፈን ጨረስን፣ አነበብኩላቸው፣ ሁለት ቦታ አሳረሙኝ። ማተሙ ግን መብራት ይፈልጋል፤ ሌዘር ፕሪንተር ሲያትም በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ስለሚጠይቅ በላፕቶፕ ባትሪ የሚታሰብ አይደለም። በፍላሽ ይዤ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ዘንድ ሄጄ አሳተምኩና ይዘው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ላፕቶፕ ስለ መሸጥ የሚያነሣብኝን ሰው አልሰማም።

አሁን በሐሳቤ ከማየው ሻጭ ጋር ልነጋገር። «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ያረጀ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የወጣ ነው። ይኸውልህ ቀጭን፣ እንደ ወረቀት የቀለለ አዲስ» ትለኛለህ። እሺ፣ ቀጭን ነው። ባትሪው የት አለ? ውስጥ ተዘግቷል። ያ ባትሪ ሲያልቅ ምን አደርጋለሁ? «ቻርጅ ታደርገዋለህ።» በምን መብራት? እዚህ ላይ ንግግራችን ያልቃል። ቀጭንነት የሚጠቅመው በቦርሳ ይዞ ለሚዞር ሰው ነው፤ የእኔ ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚኖረው። ለሁለት ሚሊሜትር ቅጥነት የሰዓታት ሥራ አልለውጥም።

የሚያናድደኝም ይህ መንገድ መዘጋቱ ነው። ከቲ480 ቀጥሎ በ2019 የመጣው ቲ490 የውጩን ባትሪ አስቀርቶ ሁሉንም ወደ ውስጥ አስገባው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከየካቲት 2027 ጀምሮ ገበያው ላይ የሚቀርብ አብዛኛው ተንቀሳቃሽ ባትሪ ያለው ዕቃ ባትሪው በተጠቃሚው ሊወጣና ሊቀየር የሚችል እንዲሆን ያዝዛል። ጥሩ እርምጃ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ብሎን ፈትቶ መቀየርና እየሠራ ሳለ መቀየር የተለያዩ ናቸው። ያ ደንብ ያረጀ ባትሪ ያለውን ሰው ያድናል እንጂ ማመልከቻ እያስጻፉ መብራት የሄደባቸውን ሽማግሌ አያድንም።

የቲንክፓድ ወዳጆች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። ኮምፒዩተሩ አይቢኤም በ1992 ካወጣው ጀምሮ፣ በ2005 ወደ ሌኖቮ ከተሻገረ በኋላም፣ ኪቦርዱ መካከል እንደ ማውስ ስለሚያገለግለው ቀይ ነጥብና ስለ ኪቦርዱ የሚከራከር ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ቲ480ን የሚወዱት ፈታተው ስክሪኑን የተሻለ ያደርጉለታል፣ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ይቀይሩለታል፣ ራም የሚሰካበት ሁለት ቦታ ስላለው ይጨምሩለታል። ይህን ፍቅር እረዳዋለሁ፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ነገር ግን ጥሩ ጎኑን ሲዘረዝሩ ባትሪውን ከኪቦርዱ በኋላ ማስቀመጣቸው አይዋጥልኝም። መብራት ሳይቋረጥበት የሚኖር ሰው ያወጣው ተራ ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ ባሉት ከተሞች በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ተራውን ቢያወጣ ባትሪው አንደኛ ይሆን ነበር።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ጭኜበታለሁ፣ ይሠራል። አማርኛን በላቲን ቁልፎች እንደ ድምፁ እየመታሁ እጽፍበታለሁ፣ ይሠራል። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አሁንም አለ፤ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ ይህ ግን የላፕቶፑ ጥፋት አይደለም። ዊንዶውስ 11 ለሚፈልግም ይሆናል፤ የእኔ ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው 8ኛ ትውልድ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 ድጋፉ ቆሟል። ስክሪኑ ደብዛዛ ነው። በር ላይ ተቀምጬ ልሥራ ካልኩ ፀሐይ ትበልጠዋለች።

ስለ ተጨማሪው ባትሪ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በዚህ ዕድሜ አዲስ የሚባለው ባትሪ አብዛኛው ሌላ ሰው የሠራው ቅጂ ነው። ሁለተኛውን የገዛሁበት ሱቅ ላዩ ላይ 72 የሚል ባትሪ ሰጠኝ። ሰክቼ ስመለከተው የሚይዘው ከግማሽ በታች ነው። ወሬ ሳላበዛ ስክሪኑን አዙሬ ቁጥሩን አሳየሁት። «ሲሠራ ሲሠራ ይነቃቃል» አለኝ። ወንድሜ፣ የሊቲየም ባትሪ ሲሠራ ሲሠራ ይደክማል እንጂ አይነቃቃም! መለሰልኝ፣ ሌላ ቀየረልኝ፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አለ። ሰው ከጉሮሮው ነጥቆ ባጠራቀመው ብር የሚገዛው ነገር ላይ የውሸት ቁጥር መለጠፍ ነውር ነው።

ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች ሦስት ነገር ያዙልኝ። ቲ480 እና ቲ480ኤስ አንድ አይደሉም፤ «ኤስ» ያለበት ቀጭኑ ነው፣ የውጭ ባትሪ የለውም፤ ሻጭ «ያው ነው» ቢላችሁ ገልብጣችሁ እዩ። የ7ኛው ትውልድ ቲ470ም ሁለት ባትሪ አለው፤ ዊንዶውስ 11 ካላስፈለጋችሁ እሱም ይሆናችኋል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የባትሪ ሪፖርት አስወጡ፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያሉ። ሁለቱም ባትሪ መታየት አለበት። የውስጡ ከሞተ የውጩን ስትነቅሉ ማሽኑ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ የገዛችሁበት ምክንያት የለም።

ቻርጅ የሚደረገው በዩኤስቢ ታይፕ-ሲ ነው። ቀዳዳው በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ገመዱን ወደ ጎን አትጎትቱት። ታንደርቦልት የሚባለውን ቀዳዳ የሚያዝዘው የውስጥ ሶፍትዌር (ፋርምዌር) አሮጌ የሆነ ማሽንም በጊዜ ብዛት በዚያ ቀዳዳ በኩል ቻርጅ መቀበል ሊያቆም ይችላል፤ አምራቹ ማስተካከያ አውጥቶለታል፣ እንደገዛችሁ መጀመሪያ የምትጭኑት እሱን ይሁን።

እኔ ሊኑክስ ላይ ቲኤልፒ በሚባለው ፕሮግራም የውስጡ ባትሪ 80 በመቶ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም አድርጌዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ስለሚውል ሙሉ ሆኖ መክረሙ ያስረጀዋል። የውጩን ግን እስከ 100 እሞላዋለሁ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ ማንም አይነግረኝምና። ሦስተኛ ባትሪ ለመግዛት እያጠራቀምኩ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የሚቀመጠውን ባትሪ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ፣ ፀሐይና ምድጃ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት፤ ባዶ አድርጋችሁ መሳቢያ ውስጥ ከረሳችሁት ተመልሶ ላይነሣ ይችላል።