ማሞዝ ኬቭ፣ ኬንታኪ፦ ሹራብ ይዛችሁ ግቡ

ልጆቼን ጭኜ ከናሽቪል ከተማ ወደዚህ የአሜሪካ ዋሻ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነዳሁ። ውጭው በሙቀት ይነድዳል፤ ዋሻው ግን ዓመቱን ሙሉ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በቲሸርት ገብቼ ተንቀጠቀጥኩ። የፓርኩ አስጎብኚ ሸምድዳ የምታነበንብ አይደለችም። ከዋሻው ርዝመት እስካሁን ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ እንደተለካ፣ ቀያሾችም ዛሬ ድረስ አዲስ መተላለፊያ እንደሚያገኙ ነገረችን። ከ1838 ጀምሮ በባርነት ሳለ ጨለማውን በፋኖስ ያሰሰውን የስቲቨን ቢሾፕን ታሪክ ረጋ ብላ ማውራቷን ወደድኩላት። መብራቱን ስታጠፋውማ ትንሿ ልጄ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች! ስንወጣ በሳሙና ውሃ የራሰ ምንጣፍ አስረገጡን፤ የሌሊት ወፎችን የሚፈጀው ፈንገስ በጫማችን ወደ ሌላ ዋሻ እንዳይሻገር ነው። ልጄ እስከ ቤት ድረስ ስለ ፈንገሱ ስትጠይቀኝ መጣች። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፤ በእረፍት ቀን ቶሎ ያልቃል።