ቀለበቶቹን ግዙ፣ ንግግሩን ተዉት

ሻጩ ይህን የምትሃት ዕቃ «ያለቀለት ትርኢት» ይለዋል። በሳጥኑ ውስጥ አራት የሚያያዙና የሚላቀቁ ትልልቅ የብረት ቀለበቶች፣ መያዣ ከረጢት፣ የታተመ የንግግር ጽሑፍ፣ የስድስት ደቂቃ ሙዚቃና የቪዲዮ ትምህርት አሉ። ገዢው ጽሑፉን ሸምድዶና እንቅስቃሴውን ተለማምዶ መድረክ ላይ መውጣት ብቻ ይቀረዋል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ከአራቱ ቀለበቶች ጋር ፍቅር ይዞኛል። ከቀረው ጋር ግን ጠብ ላይ ነኝ።

ከብረቱ ልጀምር፤ ምስጋና ይገባዋልና። ቀለበቶቹ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ቅብ ስለሌላቸው የሚላጥ ነገር የለም። ቀድሞ የነበሩኝ ቅብ ነበራቸው፤ እርስ በርስ የሚጋጩበት ቦታ ሁሉ እየተገፈፈ ጥቁር ነጥብ አውጥቶ ነበር። በመድረክ መብራት ሥር ያ ነጥብ ከሩቅ ይታያል። ተመልካች ደግሞ ቀለበት ላይ ምልክት ካየ፣ ምልክቱ ምንም ትርጉም ባይኖረውም እንኳ ዓይኑን ከዚያ አይነቅልም። የእነዚህ ብየዳ ግን ጣት ቢሄድበትም አይገኝም። ምስጢሩን የሚጠብቀው ክፍልም በጥንቃቄ ተሠርቷል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ድምፃቸው ደግሞ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ሁለቱን በቀስታ ሲያጋጯቸው ጥርት ያለ፣ ቶሎ የማይሞት ድምፅ ይሰጣሉ። ለምትሃት ዕቃ ድምፅ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ሄዶ የአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ሆኖ ቀለበት ቀለበት ውስጥ ሲገባ አጥርቶ አያይም፤ መግባቱን የሚነግረው ጆሮው ነው። ቀለበቱን በእጁ ያልዳሰሰ ሰው ብረቱ ድፍን መሆኑን የሚያምነውም በጆሮው ነው። ጥሩ ድምፅ ያለው ቀለበት ለያዘው ሰው ዝም የማለት መብት ይሰጠዋል። አንድ ጊዜ ካጋጨ በኋላ ድምፁ እስኪያልቅ መጠበቅ ይችላል፤ ሰውም አብሮት ይጠብቃል። ርካሹ ቀለበት ግን «ቋ» ብሎ ዝም ስለሚል ባለቤቱ ክፍተቱን በወሬ ለመሙላት ይገደዳል።

መጠናቸው አከራክሮኛል። ዲያሜትራቸው 30 ሴንቲሜትር ነው፤ አራቱ ተያይዘው ሲንጠለጠሉ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። በቪዲዮው የሚያስተምሩት ሰው ረጅም ናቸው፤ ሰንሰለቱን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ሲይዙት ያምራል። እኔ አጭር ሴት ነኝ። ያንኑ ሳደርግ ቀለበቶቹ ፊቴንና ደረቴን ጋርደው ከኋላቸው የታሰርኩ መሰልኩ። ዝቅ አድርጌ ስይዛቸው ደግሞ የታችኛው ወለሉን ነካ። ስለዚህ ወንበር አመጣሁ። ተቀምጬ መሥራት ስጀምር ቀለበቶቹ ጭኔ ላይ ማረፊያ አገኙ፣ እጄ ረጋ አለ፣ ተመልካቹም ፊቴን ማየት ጀመረ። አሁን ይህን ትርኢት ቆመሽ ሥሪ ብባል እምቢ እላለሁ። በትምህርቱ ውስጥ ግን ስለ መቀመጥ አንድም ቃል የለም፤ ገዢው ሁሉ የአስተማሪው ቁመት እንዳለው ተቆጥሯል።

ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አርጀንቲናዊው ምትሃተኛ ሬኔ ላቫንድ ቀኝ እጁን ያጣው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። የካርታ ምትሃት ደግሞ ለሁለት እጅ የተሠራ ጥበብ ነበር። እሱ ግን በአንድ እጅ የሚሆነውን ራሱ እየፈለገ አገኘ፤ ሌላው በፍጥነቱ ሲመካ እሱ ዝግታን መለያው አደረገ። ካርዲኒ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ዌልሳዊም ጓንት አጥልቆ ካርታ ይጫወት ነበር፤ ልማዱ የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብርዱ ምሽግ ውስጥ ሲለማመድ ነው ይባላል። መድረክ ላይ ሞቅ ያለው ጨዋ ሰው ሆኖ ይቀርባል፤ ካርታና ሲጋራ ሳይፈልጋቸው ከጣቶቹ መካከል ብቅ ይሉበታል፤ ከተመልካቹ ይልቅ የሚደነግጠው እሱ ነው። ያን ድንጋጤ በወረቀት አስፍሮ፣ ከሳጥን ውስጥ ጨምሮ ለሌላ ሰው የሚሸጥ ነጋዴ ካለ ልየው።

የእኛ ሻጭ ግን ሞክሯል። የታተመው ንግግር የሚጀምረው ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ አንድ ጠቢብ አዛውንት ለተናጋሪው ቀለበቶቹን እንደሰጡት በመተረክ ነው። ይህ ተረት ስንት ዘመን ተጎተተ! በተውሶ ማንነት የመጨረሻው ጥግ ድረስ የሄደው ዊሊያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። የቻይናዊውን የቺንግ ሊንግ ፉን አቀራረብ ገልብጦ ራሱን ቹንግ ሊንግ ሱ አለ፤ ለዓመታትም መድረክ ላይ እንግሊዝኛ እንደማይችል ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1918 ለንደን ውስጥ የተተኮሰ ጥይት የመያዝ ትርኢቱ ተበላሽቶ ሲመታ ግን በተመልካቹ ፊት በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ በማግሥቱም ሞተ። እሱ እንኳ ለውሸቱ ሕይወቱን ሁሉ ሰጥቶታል። እኔ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከማላውቃቸው ጠቢብ ስጦታ ተቀበልኩ ስል ድምፄ ራሱ ይክደኛል።

በጽሑፉ ኅዳግ ላይ ደግሞ ትእዛዞች አሉ፤ «እዚህ ላይ ፈገግ በል»፣ «ኮትህን አስተካክል»፣ «ሦስት እርምጃ ወደ ግራ»። ኮት አልለብስም። ፈገግታውስ ለማን ነው? ምትሃተኛው ቻኒንግ ፖሎክ ርግቦቹን ሲያወጣ ፊቱ አይፈታም ነበር፤ ሰውን የገዛው በዚያ ቁጥብነቱ ነው። ቀልደኛው ምትሃተኛ ቶሚ ኩፐር በተቃራኒው ፌዝ የሚባለውን ቀይ ቆቡን ደፍቶ፣ ምትሃቱ እየከሸፈበት፣ በራሱ እየሳቀ አዳራሹን በሳቅ ያፈርሰው ነበር፤ እንዲያ አሳምሮ ለማክሸፍ ሥራውን ጠንቅቆ ማወቅ ይጠይቃል። ሆላንዳዊው ሪቻርድ ሮስ ደግሞ እነዚህኑ ዓይነት ቀለበቶች ይዞ፣ ያለ አንድ ቃል፣ እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1973 በዓለም አቀፉ የምትሃት ውድድር ታላቁን ሽልማት ወስዷል።

ቪዲዮው ከጽሑፉ በብዙ ይሻላል። የእጅ አያያዙ ከፊትም ከኋላም ተቀርጿል፤ ተመልካች በጎን በኩል ሲቀመጥ ምን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ በሚገባ ተብራርቷል። መግቢያው ግን ስለ አስተማሪው ዝና የሚያወራ ነው፤ ዝለሉት። ወርቁ ያለው መጨረሻ ላይ፣ በጥያቄና መልሱ ክፍል ነው። አንድ ሰው ቀለበቶቹ በምን እንደሚጸዱ ይጠይቃል። አስተማሪው እየመለሱ አንዱን ቀለበት በእጅጌያቸው ይወለውላሉ፣ ወደ ዓይናቸው ያስጠጉና በመካከሉ አሻግረው ጠያቂውን ያዩታል፤ ከዚያ ስለ ጨርቅና ስለ ውኃ የጀመሩትን ሳያቋርጡ ሁለተኛውን ቀለበት ያያይዙበታል። ምንም አላስታወቁም፤ ፈገግም አላሉም። በሙሉ ትምህርቱ ውስጥ የራሳቸውን መልክ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ደጋግሜ አየሁት። ምነው ይህን በሸጡልን ልል ነበር፤ ግን እሱም ቢሆን የእሳቸው ነው፤ አልወስድባቸውም።

ከዕቃው ጋር የፈቃድ ወረቀትም አለ። ትርኢቱን በተመልካች ፊት ማቅረብን ይፈቅዳል፤ ቀርጾ በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት ማውጣትን ይከለክላል። መብታቸው ነው። የቅጂ መብት የምትሃትን ምስጢር ባይጠብቅም የተቀናበረን ትርኢት ሊጠብቅ ይችላል። አሜሪካዊው ምትሃተኛ ቴለር የጽጌረዳ ጥላ በቢላ ሲቆረጥ እውነተኛው አበባ የሚረግፍበትን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1983 አስመዝግቦ ነበር፤ የገለበጠበትን ምትሃተኛ ከስሶም እ.ኤ.አ. በ2014 ረታ። እሱ የጠበቀው የራሱን የረቀቀ ሥራ ነው። እዚህ ግን በሕግ የታጠረው ማንም ሊሰርቀው የማይመኘው የአዛውንቱ ተረት መሆኑ ያስቀኛል።

ሙዚቃውን አንድ ጊዜ ሰምቼ ዘጋሁት፤ ከብረቱ ድምፅ ጋር ይጋፋል። ከረጢቱ ጠንካራ ነው፣ ማንገቻው ግን ቀጭን በመሆኑ ትከሻ ይቆርጣል።

ለማን ይሆናል? በትልቅ አዳራሽ ለሚሠራ፣ ቁመትም ላለው ሰው መጠኑ ልክ ነው። በትናንሽ ክፍሎች የምትሠሩ ከሆነ 20 ወይም 25 ሴንቲሜትር የሆነውን ከሌላ ቦታ ፈልጉ። ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ጽሑፉን ወዲያው አትጣሉት፤ ቃላቱ ባይረቡም ቅደም ተከተሉ ብልህ ሰው የሠራው ነው። ቀለበቶቹ መጀመሪያ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ የመጀመሪያው መያያዝ በጣም በዝግታ ይመጣል፣ ፈጣኑ ክፍል ሰው ከለመደ በኋላ ይከተላል። ቃላቱን በእርሳስ ሰርዙና በቦታቸው እናንተ ለሰው ስታወሩ የምትሉትን ጻፉ። ከሰረዛችሁ በኋላ ባዶ የሚቀር ቦታ ካለም ባዶ ይቅር።

ለሻጩ ቀለበቶቹን ለብቻቸው፣ በሦስት መጠን እንዲሸጡ ጽፌላቸው ነበር። ዋናው ሸቀጣቸው ጽሑፉ እንደሆነና ቀለበቶቹ ከእሱ ጋር የሚሰጡ መሆናቸውን በትሕትና መለሱልኝ። ጽሑፉን ብመልስላቸው ከዋጋው ይቀንሱልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። ለዚህኛው እስካሁን መልስ አልመጣም።