አንሲብል ለሶፍትዌር ቢልድ፦ የዘጠኝ ወር ተሞክሮ ከባሕር ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ አራት ሆነን የመጋዘንና የመደብር ዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንሠራለን። ሶፍትዌሩ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሲሆን፣ ደንበኞቻችን የሚጠቀሙባቸው የኡቡንቱ (የሊነክስ ዓይነት) ዕትሞች ስለሚለያዩ በየዕትሙ ለብቻ ኮምፓይል የሚያደርጉ፣ ማለትም የጻፍነውን ኮድ አጠናቅረው ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጡ ሦስት ማሽኖች አሉን። እስከ ታኅሣሥ ድረስ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ማሽን መግቢያ መንገድ) ወደ እያንዳንዱ ማሽን እየገባን በደብተር የያዝናቸውን ትእዛዞች በእጃችን እንጽፍ ነበር። አንዱ ማሽን ላይ የተጫነው ላይብረሪ (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ከሌላው ማሽን ዕትም ተለይቶ ይገኝና እኛ ዘንድ የሠራው ፕሮግራም ደንበኛው ዘንድ አልነሳም ይል ስለነበር፣ ሥራውን ሁሉ ማሽኖችን ከአንድ ቦታ ወደሚያዘጋጀው አንሲብል አዛወርነው። እነሆ ነሐሴ ላይ ዘጠኝ ወር ሞላው።

አንሲብል እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ በፓይተን የተጻፈና ከ2015 ጀምሮ በሬድ ሃት ሥር የሚገኝ መሣሪያ ነው። የሚያስተዳድራቸው ሊነክስ ማሽኖች ላይ ከኤስኤስኤችና ከፓይተን በቀር ሌላ ነገር እንዲጫን አይጠይቅም። «ይህ ፓኬጅ በዚህ ዕትም ይኑር፣ ይህ ፋይል ይህን ይዘት ይያዝ» ብለን ፕሌይቡክ በሚባለው የመመሪያ ፋይል ላይ እንጽፋለን፤ እርሱም የጎደለውን ያሟላል፣ የተሟላውን አይነካም። ፕሮግራሙ የሚገነባባቸውን የቢልድ ማሽኖች በማዘጋጀት ረገድ አንድም ቅሬታ የለኝም፤ በላይብረሪ ልዩነት ምክንያት የመጣብን ጥሪ ከየካቲት ወዲህ አልገጠመኝም።

ስሕተቴ የጀመረው ከዝግጅቱ አልፌ ኮምፓይሉን ራሱንም በፕሌይቡክ ለመጻፍ በመሞከሬ ነው። እያንዳንዱን የምንጭ ፋይል የሚያጠናቅር ተግባር ጻፍኩ። አንሲብል ለእያንዳንዱ ተግባር ሞጁሉን (ተግባሩን የሚፈጽመውን ትንሽ ፕሮግራም) ወደ ማሽኑ ልኮ፣ ፓይተን አስነስቶ ውጤቱን መልሶ ስለሚቀበል፣ በአፍታ የሚያልቀው ኮምፓይል ከራሱ የሚረዝም ዝግጅት ይጠብቀው ጀመር። ከዚያ የሚብሰው ግን የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት አለማወቁ ነው። አንሲብል የሚያውቀው የማሽንን ሁኔታ ነው፤ የፋይሎችን ዝምድና የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ የተሠራው ሜክ ነው፤ እርሱ የፋይሎችን ሰዓት አስተያይቶ የተለወጠውንና በእርሱ ላይ የተመሠረተውን ብቻ ያጠናቅራል። መጋቢት ላይ እነዚያን ተግባራት ሁሉ ሰርዤ በአንድ ተግባር ሜክን እንዲጠራ አደረግሁ። ዛሬ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ከዚህ መስመር እንዳያልፍ በብርቱ እመክረዋለሁ።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ መጣና መብራት ጠፋ። ፕሌይቡኩን የምናስነሳበት ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው አልጠፋም፤ ሦስቱ ማሽኖችና ራውተሩ ግን አብረው ስለጠፉ አንሲብል ማሽኖቹን ማግኘት እንዳልቻለ ገልጾ ቆመ። መብራት ሲመለስ እንደገና አስነሳነው፤ የላይብረሪውን የታመቀ ፋይል የሚፈታውን ተግባር እንደተሠራ ቆጥሮ አለፈውና ኮምፓይሉ ላይ ወደቀ። በቅርቡ ከፖሊ ቴክኒክ ተመርቃ አብራን የምትሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ፎልደሩ አለ፤ ውስጡ ግን ግማሽ ነው» ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ተግባሩ መዘለል እንዳለበት የሚወስነው «ክሪኤትስ» የተባለው መመሪያ የተጠቀሰው ፋይል ወይም ፎልደር መኖር አለመኖሩን ብቻ ያያል፤ ሙሉ መሆኑን አይመረምርም። ሼል ወይም ኮማንድ በሚባሉት ሞጁሎች የሚጻፍ ተግባር ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ተደግሞ ቢሠራ ጉዳት እንዳያመጣ የማድረጉ ኃላፊነት የጸሐፊው እንጂ የመሣሪያው አይደለም። አሁን ሁሉንም በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ እንፈታለን፣ በሲንክ ትእዛዝ ዲስክ ላይ እንዲሰፍር እናደርጋለን፣ ስሙን ወደ ዋናው የምንቀይረው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ፋይል ሲስተም ውስጥ ስም መቀየር ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀር ሥራ ስላልሆነ፣ በክረምቱ ብዙ ጊዜ መብራት ቢጠፋብንም ያ ችግር አልተመለሰም።

ከሜክ ጋር ሲሠራ በጣም የወደድኩት ከቅጽ ላይ ፋይል የሚያዘጋጀውን፣ ቴምፕሌት የተባለውን ሞጁል ነው። የሶፍትዌሩን የዕትም ቁጥር የያዘውን ሄደር ፋይል በእርሱ እናዘጋጃለን፤ ይዘቱ ካልተለወጠ ፋይሉን ስለማይጽፈው የፋይሉ ሰዓት ባለበት ይቆያል፣ ሜክም ያንን ሄደር የሚያካትቱትን ፋይሎች በከንቱ አያጠናቅርም። እኔ መጀመሪያ ላይ የቢልዱን ቀንና ሰዓት በቴምፕሌቱ ውስጥ አስገብቼ ስለነበር ይዘቱ ሁልጊዜ ይለወጥ፣ ቢልዱም ሁልጊዜ ከሥር ይጀምር ነበር። ያንን አንድ መስመር አወጣሁት፤ ተስተካከለ። የአሮጌው ማሽን የማዘርቦርድ ባትሪ ደክሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ፣ ሜክ የፋይሎቹ ሰዓት ገና ያልደረሰ ነው እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። ባትሪውን ለወጥን፤ ከቢልዱ በፊትም የማሽኑን ሰዓት የሚያስተካክለው ክሮኒ መጫኑንና መነሳቱን፣ ሰዓቱም መስተካከሉን የሚያረጋግጥ ተግባር ጨመርን።

ኢንተርኔት ውድም ቀርፋፋም በሚሆንበት ቦታ ለሚሠራ ሰው፣ ፋይል የሚያወርደው ጌት ዩአርኤል የተባለው ሞጁል ቼክሰም (የፋይሉን ትክክለኛነት ማረጋገጫ ኮድ) ከተሰጠው ቀድሞ የወረደውንና ትክክለኛ የሆነውን ፋይል ዳግም አለማውረዱ ትልቅ ጥቅም ነው።

እስከ ዛሬ ያልለመድኩት ጉድለት የኮምፓይሉን ጽሑፍ ተግባሩ እስኪያልቅ ድረስ አለማሳየቱ ነው። ረጅም ቢልድ ሲሄድ ተርሚናሉ ላይ ምንም አይታይም፤ እየሠራ ይሁን ቆሞ አይታወቅም። ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራው ማሽኑ ላይ እንዲቀጥል በአሲንክ እናስነሳዋለን፣ ውጤቱንም ወደ ሎግ ፋይል እንዲጽፍ አድርገን በሌላ መስኮት እንከታተለዋለን። ይሠራል፤ ሆኖም ለቢልድ የሚጠቀም ሰው ይህን ራሱ መገጣጠም አልነበረበትም እላለሁ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ያ አሮጌ ማሽን ጨርሶ ተበላሸና ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተን ተካነው። ኡቡንቱን ጭነን አድራሻውን በማሽኖቹ ዝርዝር ላይ ጻፍንና ፕሌይቡኩን ከምሳ በኋላ አስነሳነው። በማግስቱ ጠዋት ከእርሱ የወጣው ፓኬጅ ለደንበኛ ተላከ።