ለክፍት ሃርድዌር የቱ ምልክት ይሻላል?

ክፍት ሃርድዌር ማለት ንድፉ ለሁሉም የተለቀቀ፣ ማንም ሊሠራው፣ ሊያሻሽለውና ሊሸጠው የሚችል ዕቃ ነው። አምራቾች ምርታቸው ላይ የሚለጥፏቸው ሁለት ምልክቶች አሉ፦ የኦፕን ሶርስ ሃርድዌር ማኅበር (ኦሽዋ) የምስክር ወረቀትና የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን «ሪስፔክትስ ዩር ፍሪደም» (ነጻነታችሁን ያከብራል)። ሁለቱም የሚሰጡት ለምርቱ እንጂ ለድርጅቱ አይደለም።

ቅለት፦ ኦሽዋ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ቅጽ ትሞላላችሁ፣ የንድፍ ፋይሎቹን ለሕዝብ ትለቃላችሁ፣ የአገር ኮድና ስድስት አሃዝ ያለው መለያ ታገኛላችሁ። ፋውንዴሽኑ ግን ምርቱን ራሱ ይመረምራል፤ የመመሪያ ጽሑፉ እንኳ አይቀርም። ትዕግሥት ይፈልጋል።

የሚጠይቁት፦ ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። ኦሽዋ በዋናነት የሚያየው የሃርድዌሩን ንድፍ ነው። ማንም አሻሽሎ መሸጥ መቻል አለበት፤ ፈቃዳችሁ «ለንግድ አይውልም» ካለ አበቃ። ፋውንዴሽኑ የሚያተኩረው ሶፍትዌሩ ላይ ነው፤ ነጻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ማንም ኮዱን አይቶ ሊቀይረውና ሊያጋራው የሚችል መሆን አለበት። ስለዚህ የቦርዱ ንድፍ ያልተለቀቀ ዕቃም ሊያልፍ ይችላል። እኔን ትንሽ ግር ይለኛል፣ ግን ዓላማቸው ለየቅል ነው።

ስጋት፦ የኦሽዋን ውል ጥሶ ያላስተካከለ የገንዘብ ቅጣት ይጠብቀዋል። ምልክቱን በስሙ ብቻ መለጠፍ አያዋጣም።

ሴንሰር ወይም ትንሽ ቦርድ ነድፎ ለሚሸጥ ኦሽዋ ይበቃል። ላፕቶፕ ወይም የዋይፋይ ዕቃ በነጻ ሶፍትዌር ብቻ አዘጋጅቶ ለሚሸጥ ደግሞ ሁለተኛው። ንድፉንም ሶፍትዌሩንም ለከፈተ ሁለቱንም መጠየቅ ይቻላል።